ጩኸት ሊሠሩ ለተሰባሰቡ ልጆች

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ጉለሌ ወዳለችው ጋራዥ ጠርታችሁኝ መጥቼ ነበር። ስድስት ናችሁ። አንዷ በገመድ ያንጠለጠለችውን ቆርቆሮ በመዶሻ ትመታለች፤ አንዱ ሁለት አሮጌ የካሴት ቴፖችን በአንድ ጊዜ ያጫውታል፤ ሌላው ማይኩን ወደ ስፒከሩ እያስጠጋና እያራቀ ያስፏጨዋል። ግድግዳው ላይ የሚስለው ልጅ ደግሞ ድምፁ ሲወፍር መስመሩን ያወፍራል። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ሰማኋችሁ። ስትጨርሱ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ እንዴት እናስጩኸው?»

ያን ዕለት ስለ አምፕሊፋየር ዋት ጥቂት ነግሬያችሁ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ጥያቄያችሁ እንቅልፍ ነሳኝ። በቲያትር ቤት፣ በሬዲዮ፣ በሆቴል ባንዶች ፊት ሚክሰር ላይ ተቀምጬ፣ ድምፅ እያመዛዘንኩ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። እናንተ የጠየቃችሁኝን እኔ በወጣትነቴ ገልብጬ ነበር የምጠይቀው፤ «ይህን ጩኸት እንዴት ዝም ላሰኘው?» እል ነበር። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ ብዬ ይህን ጻፍኩ፤ ለእናንተም፣ እንደ እናንተ በየጋራዡና በየምድር ቤቱ ለሚሰባሰቡም። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ገና ለሥራው አዲስ ሳለሁ አንድ ቀረርቶ አዋቂ አዛውንት እኔ በምሠራበት መድረክ ላይ ወጡ። ድምፃቸው ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፤ ማይኩ አልችል ብሎ ይንጫጫል። እኔ ያንን ስንጥቅ ብልሽት ነው ብዬ ቆጠርኩት። ቀጭኑን ድምፅ ቆርጬ ጣልኩ፤ የቀረውን ዝቅ አደረግኩ። ከአዳራሹ የመጣው ድምፅ ንጹሕና ለስላሳ ሆነልኝ፤ ደስም አለኝ። አዛውንቱ ከመድረክ ወርደው ወደ እኔ መጡ፤ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ያጠፋኸው እኮ ቀረርቶውን ነው፤ የቀረው ዘፈን ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም። እስኪገባኝ ድረስ ዓመታት ሄዱ፤ የገባኝም አገሬ ላይ ሳለሁ አልነበረም።

በ1983 ለሬዲዮ ሥልጠና ሆላንድ፣ ሂልቨርሰም ተላክሁ። አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ሥር የነበረችበት ዘመን ነው፤ ባንዶቻችን ማታ ሆቴል ገብተው፣ አድማጩም አብሯቸው ተዘግቶበት፣ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። ከዚያ ወጥቼ ነው እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ማታ የሥልጠና ጓደኛዬ አምስተርዳም ውስጥ ወጣቶች ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ገብተው ወደያዙት አሮጌ ሕንጻ የወሰደኝ። እንዲህ ያሉ ቤቶች በከተማዋ ብዙ ነበሩ። የመኖሪያ ቤት እጥረት አስመርሯቸው፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1980 ንግሥት ቤያትሪክስ በነገሠችበት ዕለት «ቤት ከሌለ ዘውድ የለም» ብለው ከፖሊስ ጋር መንገድ ላይ የተጋጩት እነዚሁ ነበሩ። ቤቶቹ ውስጥ መኖሪያ፣ ማተሚያ፣ ወጥ ቤት፣ የሙዚቃ ክፍል አብረው አሉ።

መድረክ የሚባል አልነበረም። ሾርባ ሲቀዳ ያየሁት ልጅ ከደቂቃዎች በኋላ ጊታር አንጠልጥሎ መጣ። ከዚያ የወጣው ድምፅ ደረቴን መታኝ። ዜማ ፈለግሁ፤ የለም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወደ በሩ ሸሸሁ። በሩ ላይ ሆኜ ግን ለሙያዬ የሚሆን ነገር አየሁ፤ ተጫዋቾቹ ጣታቸውን አያዩም ነበር፣ እርስ በርስ ነበር የሚተያዩት። ከበሮ የሚመታው ራሱን ብቻ ቀና አደረገ፤ ያ ሁሉ ጩኸት በአንዴ ቀጥ አለ። አንድ ጊታር ብቻ፣ እንደሚንጫጭ የበር ማጠፊያ፣ ብቻውን ቀረ። ሁሉም እሱን ሰሙት። እንዲያ ያለ ጸጥታ በሬዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። አዛውንቱ የነገሩኝ ያን ሌሊት ገባኝ።

ከዚያ አካባቢ የወጣ፣ ለእናንተ ከማንም ይልቅ የሚጠቅማችሁ ብዬ የማምነው ስብስብ ዘ ኤክስ ነው። በ1979 ከአምስተርዳም በስተ ሰሜን፣ ወርመር በምትባል ትንሽ ቦታ ተጀመረ። ስሙን የመረጡት ግድግዳ ላይ በቀለም መንፊያ ቶሎ ስለሚጻፍ ነው። ማን ምን መሣሪያ እንደሚይዝ የለዩት ደግሞ በዕጣ ነው። ጊታር የደረሰው ቴሪ ሄሰልስ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ጊታር ይጫወታል። ይህን ስነግራችሁ «እንግዲያው መለማመድ አያስፈልግም» እንዳትሉኝ። በዕጣ የደረሰውን መሣሪያ ይዞ ከአርባ ዓመት በላይ ሠርቶበታል፤ ዕጣው የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው።

የሸክላ ማሳተሚያቸው የራሳቸው ነው። ሸፋኑን፣ ፖስተሩን፣ በራሪ ወረቀቱን በእጃቸው ሠሩ። በ1983 በአካባቢያቸው ስለተዘጋ የወረቀት ፋብሪካ አራት ትናንሽ ሸክላዎችን በአንድ ሳጥን አወጡ። በ1986 ደግሞ ስለ ስፔን አብዮት ሁለት ትናንሽ ሸክላዎችን ከመቶ ገጽ በላይ ካለው የፎቶግራፍ መጽሐፍ ጋር አሳተሙ። ድምፁና ሥዕሉ ተለያይተው የማይቆሙ አንድ ሥራ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ የሚስለው ጓደኛችሁ ይህን ልብ እንዲል እፈልጋለሁ፤ እሱ የናንተ ጌጥ አይደለም፣ ከስድስቱ አንዱ ነው። ኒው ዮርካዊውን የቼሎ ተጫዋች ቶም ኮራን ጋብዘው በ1991 አብረውት ሸክላ ሲያወጡም እንግዳው ጌጥ አልሆነም፤ ድምፃቸውን ለወጠው።

ዘ ኤክስ ወደ እኛ የመጡበትን መንገድ በደንብ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ብረዝም ታገሡኝ።

ሳክስፎን ነፊው ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ በ1935 ይፋት ተወለዱ። በክራርና በመሲንቆ ጀምረው ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ፤ ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ ከዚያ ፖሊስ ኦርኬስትራ። በ1950ዎቹ ሽለላን፣ ያንን ወንድ ልጅ ጦር ሜዳ ላይ ደረቱን ነፍቶ የሚያወጣውን ድምፅ፣ ወደ ሳክስፎን አመጡት። መሣሪያው እንዲያለቅስ፣ እንዲያገሳ፣ እንዲሰነጠቅ አደረጉት። ጎፈር ደርበው ነበር የሚጫወቱት። በኋላ የውጭ አድማጮች ሲሰሟቸው ከአሜሪካ የነፃ ጃዝ ሰዎች፣ ያለ ቋሚ ዜማና ምት ከሚጫወቱት፣ ጋር አመሳሰሏቸው፤ እሳቸው ግን ያንን ድምፅ የወሰዱት ከሽለላው ነው፣ ያደረጉትም ቀድመው ነው። እኔ በሚክሰር የቆረጥኩትን ስንጥቅ እሳቸው በከንፈራቸውና በትንፋሻቸው ያሳድጉት ነበር።

ዘ ኤክስ በ2002 ኢትዮጵያ መጥተው ተጫወቱ። በ2004 በወጣ ሥራቸው ላይም በጋሽ ጌታቸው ስም የጠሩት ዜማ አለ። በዚያው ዓመት 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዟቸው፤ እዚያ አይ ሲ ፒ ከሚባለው የነፃ ሙዚቃ ኦርኬስትራ ጋር ተጫወቱ። ከዚያ ዘ ኤክስ ሲጫወቱ ሰሙ። የመረጡት እንግዲህ ጋሽ ጌታቸው ናቸው፤ የሚቀጥለውን ሥራዬን ከእነዚህ ጋር ነው የምሠራው አሉ። «ሞአ አንበሳ» የተባለው የጋራ ሸክላቸው በ2006 ወጣ። ጋሽ ጌታቸው 70 ዓመት አልፏቸው ነበር። በ2012 ሁለተኛ ሥራ አብረው አወጡ፤ በ2016 አረፉ።

«ሞአ አንበሳ»ን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። አንድ ጊዜ ጊታሮቹን ብቻ ተከተሉ፤ የቴሪንና የአንዲ ሙርን። ክራር ለመምሰል አይሞክሩም፤ ቅኝታችንን በቀቀን እንደሚደግም አይደግሙም። አጭር፣ ደረቅ፣ እንደ መጥረቢያ ምት ያለ ነገር ይመታሉ፤ ሳክስፎኑ ሊገባ ሲል ደግሞ ቦታ ይለቃሉ። ካትሪና ቦርንፌልድ ከበሮውን ከላይ አትጭነውም፤ ከሥር ትይዘዋለች። ያ ሁሉ ሻካራ ድምፅ በአንድ ሽማግሌ ትንፋሽ ዙሪያ ተደራጅቷል። እኔ ሚክሰሩ ላይ ብሆን የምነካው ቁልፍ ጥቂት ነው፤ ሚዛኑን እነሱ በጆሯቸው ጨርሰውታል። የጠየቃችሁኝ ጥያቄ መልስ ከፊሉ እዚያ ሸክላ ላይ አለ።

ሌላው ከፊል ቤታችን ውስጥ ነው። እምቢልታ ሲነፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ እምቢልታ ብቻውን ዜማ የለውም፤ ያለው ጥቂት ድምፅ ነው። ዜማው የሚወጣው አንዱ ሲነፋ ሌላው ዝም ብሎ ተራውን ሲጠብቅ ነው። የበርታ ሰዎች ዋዛም እንዲሁ ነው፤ ከቅል የተቀጣጠሉት ረጃጅም መለከቶች እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ይሰጣሉ። አንድ ሰው ቢቀር ዜማው ቀዳዳ ይኖረዋል። ባለፈው ስሰማችሁ ስድስታችሁም ሙሉውን ሰዓት ያለማቋረጥ ትጫወቱ ነበር። ማን ቢቀር እንደሚጎድል መለየት አልቻልኩም።

አሁን የከበደኝን ልናገር። ከካሴቶቻችሁ አንዱ ላይ የልቅሶ ድምፅ አለ። አንዲት እናት ሙሾ ስታወርድ። አጫውታችሁ፣ አዘግይታችሁ፣ ቆራርጣችሁ በጩኸቱ መካከል አስገባችሁት። ከየት እንደመጣ ስጠይቅ «ሰፈር ልቅሶ ላይ በስልክ ቀድተነው ነው» አላችሁኝ።

ይህ ሥራ ከእናንተ በፊት ተሠርቷል። በ1944 ካይሮ ውስጥ ሀሊም ኤል ዳብ የሚባል ወጣት ከሬዲዮ ጣቢያ የተዋሰውን፣ ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ይዞ የዛር ሥርዓት ቀዳ። ዛር እዚህም የምናውቀው ነው። የቀዳውን ወደ ጣቢያው ወስዶ በማስተጋቢያ ክፍል ውስጥ መልሶ አጫወተው፣ አንዱን ድምፅ አጥፍቶ ሌላውን አጎላ፤ የሴቶቹ ድምፅ ከየትም የማይመጣ የሚመስል ነገር ሆነ። የዚህ ዓይነት ሙዚቃ ጀማሪ እየተባለ የሚጠራው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ፓሪስ ውስጥ «የጩኸት ጥናቶች» ያላቸውን ሥራዎቹን ያሰማው በ1948፣ ከዚያ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ሀሊም በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን በ1963 ያቋቋመውም እሱ ነው። መሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገናና እምቢልታ የያዙ ሰዎችን ከየአካባቢው ሰብስቦ በአንድ መድረክ አስቀመጠ። እኛ የድምፅ ሰዎች ልናከብረው የሚገባ ሰው ነው።

ነገር ግን ያ ዛር የሴቶች ሥርዓት ነበር፤ ሀሊምም ተሸፋፍኖ ነው የገባው። ሥራውን አከብራለሁ፤ በዚህኛው መንገዱ ግን አትሂዱ። የሰው ኀዘን እንደ ቆርቆሮ ከመንገድ የሚነሣ ዕቃ አይደለም፤ ባለቤት አለው። ወደ እናትየው ቤት ሂዱ፤ ሁለት ሆናችሁ፣ በቀን፣ ስኳርና ቡና ይዛችሁ። የሠራችሁትን አሰሟቸው፤ ቆራርጣችሁ ያጫወታችሁትን ሳታስቀሩ። «ይቅር» ካሉ እዚያው ፊታቸው አጥፉት። «ይሁን» ካሉ ደግሞ በምታሳዩበት ሁሉ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ እንደሆነ ተናገሩ። ይህን ሳታደርጉ ያንን ካሴት ብታጫውቱ እኔ አብሬያችሁ አልቀመጥም።

ስለ ዕቃም ጥቂት። የገንዘብ ማጣታችሁ አያሳፍራችሁ። ምዕራብ በርሊን ውስጥ በ1980 አይንስቱርሰንደ ኖይባውተን የሚባለው ስብስብ ሲጀመር ከአባላቱ አንዱ ከበሮውን ሸጦ ስለነበር ከግንባታ ቦታ የተለቀመ ብረት መምታት ያዘ፤ ከማጣቱ የተወለደው ድምፅ መታወቂያቸው ሆነ። ግን በ1984 መጀመሪያ ለንደን ውስጥ በመሰርሰሪያና በመጋዝ የጀመሩት ዝግጅት መድረኩን ወደ መቆፈር ደርሶ የአዳራሹ ሰዎች በግማሽ ሰዓት ውስጥ አስቆሙት። ብዙ ሰው የሚያወራው ያችን ሌሊት ነው። እኔ የምወደው ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው፤ ሰዎቹ ብረትን በሹክሹክታ ማናገር የተማሩበትን።

እናንተም ቆርቆሯችሁን በመዶሻ ብቻ አታናግሩት። ከአሮጌ የእጅ ሰዓት ማንቂያ ወይም ሲከፈት ከሚዘፍነው የፖስታ ካርድ ውስጥ ስስ የናስ ዝርግ ታገኛላችሁ፤ ፒየዞ ይሉታል። ሁለት ሽቦ በየዱበት፤ በፕላስተር ቆርቆሮው ላይ ለጥፉት። በቀጥታ ሚክሰር ላይ ከሰካችሁት ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋባችኋልና መካከል ላይ ለጊታር የሚሆን ፕሪአምፕ፣ ድምፁን አስቀድሞ የሚያጠነክር መሣሪያ፣ አስገቡ። ከዚያ መዶሻውን አስቀምጡና በጥፍራችሁ ጫፍ ዳስሱት። በባዶ ጆሮ የማይሰማው ግዙፍ ሆኖ ይመጣል። ማይኩን የሚያስፏጨው ልጅም አንድ ነገር ይወቅ፤ ማይኩ ከስፒከሩ የሰማውን መልሶ ለስፒከሩ ይልካል፣ በዚያ ዙር ክፍሉና ርቀቱ የሚያግዙት ቃና ብቻ አሸንፎ ይወጣል። እጁን ሁለት ጣት ቢያንቀሳቅስ ቃናው ይቀየራል። ስለዚህ የሚያፏጨው ማይኩ ብቻ አይደለም፤ ጋራዧም አብራ ትዘፍናለች። ሌላ ቤት ስትሄዱ ሌላ ዜማ ታገኛላችሁ።

ስልኬ ላይ ባለው የድምፅ ኃይል መለኪያ ያን ዕለት 103 ዴሲቤል አየሁ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ጥናት ተቋም ሠራተኛ በ85 ዴሲቤል ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ነው፤ በ103 ስምንት ደቂቃም አይሞላም። እናንተ አንድ ሰዓት ተጫወታችሁ፤ ያለ መከላከያ። እኔ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ሌሊት የማይዘጋ ፉጨት አለኝ። ሃያ ዓመት ሆኖታል። ልጅ ልጄ በሹክሹክታ ስትነግረኝ ቀኝ ጆሮዬን ነው የማዞርላት። የጆሮ መድፈኛ ግዙ፤ ከማናቸውም ኬብል በፊት።

ቀጥሎ የጋራዧ ጓዳ ነገር ነው። ያን ዕለት ቡናውን ያፈላችው ቆርቆሮ የምትመታዋ ልጅ ነበረች። ኬብሉን የጠቀለለችውም፣ ወለሉን የጠረገችውም እሷው ናት። ማንም አላዘዛት፤ ማንም ግን አልተነሣም። ካትሪና ቦርንፌልድ ከ1984 ጀምሮ ከዘ ኤክስ ከበሮ ጀርባ ናት፤ ዘ ኤክስን ያለ እሷ ምት ማሰብ አልችልም። የናንተም ቆርቆሮ መቺ ከስድስታችሁ ጠንካራዋ ጆሮ ናት፤ ድምፁ ሲከብድ ቀድማ ምቷን የምታላላው እሷ ብቻ ነበረች። ደክሟት ብትሄድ የምታጡት ይህንን ነው።

ገንዘቡንም ደብተር ላይ ጻፉት። እኔ የነበርኩበት አንድ የአምስት ሰዎች ስብስብ በ1990ዎቹ የፈረሰው በጥበብ ልዩነት አልነበረም። ሚክሰሩ የማን ነው በሚል ነው። በጋራ ገዝተነው ነበር፤ ማን ስንት እንዳዋጣ ግን አልጻፍንም። ሁለቱ እስካሁን አይነጋገሩም፤ አንደኛው እኔ ነኝ። የሰው መውጣት ግን ሁልጊዜ ሞት አይደለም። የዘ ኤክስ ድምፃዊ ሶክ ከ30 ዓመት በኋላ በ2009 ሲለያቸው አርኖልድ ደ ቦር ገባ፤ እሱን ሶክ ለመምሰል አላስገደዱትም፣ የራሱን ጊታርና የራሱን ድምፅ ይዞ ነው የገባው። ከእናንተም አንዱ ሥራ ይዞ ወይም አገር ለቆ ይሄድ ይሆናል። የሚሄድ ሰው ድርሻውን ወስዶ፣ ተመርቆ ይሂድ።

ጄኔሬተሩን በሚመለከት፦ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ገመድ ከሶኬቱ አጠገብ ተልጦ መዳቡ ይታያል፤ የመሬት ሽቦም የለውም። ልጅቷ የምትመታው ቆርቆሮ ከዚያ ገመድ አንድ ክንድ አይርቅም፤ ወለሉም እርጥብ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብየዳዬንና አዲስ ገመድ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ አታስነሡት፤ በባዶ እጅ፣ ያለ መብራት ተለማመዱ። ስመጣም በሩ ላይ ቆሜ መጀመሪያ እሱን ነው የምሰማው።